በሽርጥ ሞተር የነዳንበት ክረምት

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ ሬዲዮውን ከጆሮው አወረደና «ተነሱ! አቦቦን አልፈን ወደ ደቡብ እንወርዳለን። ሞተሮቹ ከፊት፣ እግረኛው ከኋላ» አለን። ከዚህ በላይ አላብራራም፤ ማብራራት አይወድም ነበር። አምስት ሞተር ብስክሌት፣ አምስት ነጂ፣ ለእያንዳንዱ ነጂ አንድ ክላሽና አንድ ጄሪካን ቤንዚን። የሞተር ቡድናችን ይኸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በጋምቤላ ጎዳና ሞተር ለምትነዱ ልጆች ነው። የጦር ሜዳ ወሬ ሲነሳ ታንክና መድፍ ትጠብቃላችሁ። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ጨርቅ ነው። ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀን ነበር።

በዚያ ክረምት ድንበር ተሻግረው ከብት የሚነዱና ሰው የሚገድሉ ታጣቂዎች በርትተውብን ነበር። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ በዚያ አገር መኪና አይታሰብም። ሞተር ግን በቀጭኗ የእግር መንገድ ይሄዳል፤ ወንዝ ሲያጋጥም ደግሞ በእንጨት አንጠልጥለን በትከሻ እናሻግረዋለን። መልእክት እናደርሳለን፣ ጥይት እናመላልሳለን፣ የቆሰለ ካለ ከኋላችን ጭነን ወደ አቦቦ እናወጣለን። ተኩሱ የእግረኛው ነው፤ የኛ ሥራ መድረስ ነበር።

እኔ ፍቃዱ የጋምቤላ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ሊያስተምር ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሞተር የነዳሁት በከተማ አስፋልት ላይ ስለነበር ጭቃ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ጭቃን ያስተማረኝ ኦኬሎ ነው። ኦኬሎ የአኙዋ ልጅ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ለአቦቦ መንገድ እንግዳ ያልሆነ፣ ከአምስታችን ሁሉ የበለጠ ነጂ ነበር። አማርኛ የተማረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ስለሆነ አንቱታ አያውቅም፤ ሃምሳ አለቃንም «አንተ» ይለዋል። ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ለመደው።

ገና በሁለተኛው ቀን ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን በሚከልለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው፣ እና በጎማው መካከል እየተጠቀጠቀ ሞተሮቹን አቆማቸው። በየመቶ ሜትሩ እየወረድን በእንጨት መጫር ሆነ ሥራችን። ኦኬሎ ተመለከተና «ይሄ ሁሉ ቆርቆሮ ለምንድን ነው? አውጣው» አለ። ፓራፋንጎውን ፈታን። የካቴናውን፣ የሞተሩን ሰንሰለት፣ መሸፈኛም ጭቃ ስለሚሞላው ፈታን። ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትተን ለእግረኛው ሰጠን። ሞተሮቹ ተነፈሱ፤ እኛም ብልጦች የሆንን መሰለን።

በአራተኛው ቀን ሌላ ችግር መጣ። ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ሱሪያችን ይርሳል፣ በእርጥብ ሱሪ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ እንቀመጣለን፣ ብሽሽታችን ተላጠ፣ ከዚያም ጭርት ወጣበት። መቀመጥ አቃተን። መሄድም አቃተን፤ እግራችንን ፈርከክ አድርገን ስንራመድ እግረኛው በሳቅ ሞተ። የሕክምና ባለሙያችን አየና «ቅባት የለኝም። አየር ይግባው፣ ደረቅ ይሁን። ሌላ መድኃኒት የለውም» አለ።

ወታደር መቼም ከሽርጡ አይለይም። ሽርጥ ፎጣው ነው፣ አልጋ ልብሱ ነው፣ ሲቆስል ማሰሪያው፣ ሲሞት መከፈኛው ነው። ኦኬሎ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን አገለደመና ሞተሩ ላይ ወጣ። «ሱሪ ለደረቅ አገር ነው» አለ። «እዚህ ውሃ አለ። ሽርጥ ይሻላል።»

ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ ጮኸ። «ወታደር ሽርጥ አገልድሞ ሞተር አይነዳም! እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» በማግስቱ ጠዋት እሱ ራሱ ከድንኳኑ አረንጓዴ ሽርጥ አገልድሞ፣ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ብቅ አለ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ኦኬሎ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆመና ሰላምታ ሰጠ። «ሃምሳ አለቃ፣ አሁን የኛ አገር ሰው ሆንክ» አለው።

በሽርጥ ሞተር መንዳት ምን እንደሚያመጣ በሳምንት ውስጥ በቆዳችን ተማርነው። እኔን የሞተሩ ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ የቀኝ ባቴን ጠበሰኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከእኛ አንዱ የነበረው ቱት፣ የኑዌር ልጅ፣ ሜዳ ላይ ሲፈጥን ነፋሱ ሽርጡን ገልቦ ፊቱ ላይ ጣለበትና ከነሞተሩ ሣር ውስጥ ገባ። ሲወጣ እባብ ያየ ይመስል ነበር። ሌላው ነጂ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲረግጥ ጨርቁ ፔዳሉ ላይ ተጠምጥሞ በግንባሩ ተደፋ። ሳቅን። ከሁሉም ያላሳቀን የኦኬሎ ነው። አንድ ቀን የሽርጡ ጫፍ ወደ ካቴናው ሲገባ እሱ ቀስ ብሎ እየሄደ ስለነበር ቶሎ አቆመ። ጨርቁን ከጥርሶቹ መሃል ጎትቶ አወጣና አየው። አንድ ክንድ ያህሉ ተበልቷል። ያን ዕለት አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣልን። የሽርጡ የኋላ ጫፍ በእግር መሃል ተስቦ ወደ ፊት ይመጣና ወገብ ላይ ይወተፋል፣ ልክ እንደ ቁምጣ። ካቴናው በግራ በኩል ስለሆነ ማንም ጓዱ ግራውን ሳያይለት አይንቀሳቀስም። ነጂው «ግራ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያየው ሰው ጎንበስ ብሎ ይመለከትና «ንጹህ!» ይላል። ሃምሳ አለቃም ጭምር ይጠይቅ ነበር። መሸፈኛውን መልሰን ብንገጥመው ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ፤ ግን መሸፈኛው ጆንያ ውስጥ፣ ጆንያው እግረኛው ጋ ነበር። ጭቃውም እንደነበረ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ የታጣቂዎቹን ዱካ አገኘን። ከፊታቸው ብዙ ከብት ይነዱ ስለነበር ዱካው አይጠፋም። ሦስት ሰዓት ላይ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ደረስንባቸው። እነሱ ቀድመው ተኮሱ። አሥር አለቃ አስናቀ በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ። መትረየስ ተኳሻችን በዛብህ ቦታ ሊቀይር ሲነሳ ተመታ፤ ሁለቱም ዳግም አልተነሱም። ከዛፍ ሥር ተኝተን ተኩስ መለስን። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከብቱን ትተው ወደ ረግረጉ ሸሹ። ተኩሱ ግን ጨርሶ አልቆመም፤ ከሣሩ ውስጥ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር።

ቱት ተመትቶ ነበር። ጥይቱ በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ገብቷል። የሕክምና ባለሙያው ቁስሉን ጠቀጠቀና ዓይኔን እያየ «እኩለ ቀን ሳይሆን ሐኪም ካላየው አይተርፍም» አለ። ሃምሳ አለቃ አላመነታም። «ኦኬሎ ይጫነው። ፍቃዱ፣ አንተ ከኋላ አጅበው። ሂዱ!»

እራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችልን ሰው በሞተር የምናወጣው ከነጂው ጀርባ ጋር በሽርጥ አጣብቀን በማሰር ነው፤ እናት ልጇን እንደምታዝል። ቱትን ከኦኬሎ ኋላ አስቀመጥነው። የራሱን የቱትን ሽርጥ በሁለቱም ላይ አዞርኩና አጥብቄ አሰርኩ፣ ጫፉንም ወተፍኩት። ቱት ጮኸ። «ቁስሌን! ቁስሌን ያዝከው!» ፈታሁት። አላልቼ፣ ቋጠሮውን ከቁስሉ ራቅ አድርጌ በግራ በኩል አሰርኩት። ጨርቁ አሁን ሌላ ቦታ ስለዞረ አንዱ ጫፍ ረዘመ። ከቋጠሮው በታች ወደ ሁለት ስንዝር ያህል ተንጠለጠለ። ልወትፈው ስጎትተው ቱት እንደገና ጮኸ።

ኦኬሎ ወደ ኋላ መዞር አይችልም፤ ሰው ጀርባው ላይ ታስሯል። ሞተሩን አስነሳና እንደ ደንቡ ጠየቀኝ።

«ግራ?»

ጫፉን አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሻችሁም። ቱትን ሦስተኛ ጊዜ ላስጮኸው አልፈለግሁም፣ ጥይት ከሣሩ ውስጥ ይመጣል፣ ደሙ ይፈሳል። ሁለት ስንዝር ጨርቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ንጹህ!» አልኩት፤ ትከሻውንም መታ አድርጌ «ሂድ» አልኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። መጀመሪያ መንገዱ መጥፎ ስለነበር ቀስ ብለን ሄድን። ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ሆነ። ኦኬሎ ማርሽ ቀየረ፣ ፈጠነ። ጨርቁ ወደ ኋላ ተነስቶ ወደ ካቴናው መጠጋት ጀመረ።

ክላክስ ልነፋ አውራ ጣቴን አስጠጋሁ፣ ግን አልነፋሁም። በእኛ ደንብ ከኋላ የመጣ ክላክስ «እየተከተሉን ነው፣ ፍጠን» ማለት ነው። ብነፋ የባሰ ይፈጥናል። ያለኝ አማራጭ ደርሼበት በእጄ ማስቆም ብቻ ነበር። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ሠላሳ ሜትር፣ ሃያ ሜትር። ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። አሥር ሜትር ሲቀረኝ ጨርቁ ገባ።

የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ሽርጡ ሁለቱንም ወደ ግራ ጎትቶ ጣላቸው። ጨርቁ ተቀደደና ሞተሩ ብቻውን ተንሸራቶ ግንድ ላይ ቆመ።

ስደርስ ቱት ኦኬሎ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ይተነፍሳል። ኦኬሎ ከሥሩ ነበር፤ ሙሉውን ምት የተቀበለው እሱ ነው። አንገቱ ወደማይዞርበት ዞሯል። ስሙን ጠራሁት፣ ደረቱን አዳመጥኩ፣ እንደገና ጠራሁት። ጨርቁን በሳንጃ ቆርጬ ለያየኋቸው።

ቱት ዓይኑን ገለጠ። «ኦኬሎስ?»

«ይመጣል። ከኋላ ይመጣል» አልኩት።

ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ቁጭ ብዬ ባለቅስ ሁለት ሬሳ ይኖረኛል። የኦኬሎን ዓይን ከደንኩ፣ ክላሹን አነገትኩ፣ ወደ ጥላ ስቤ ቅጠል አለበስኩት። ቱትን ከራሴ ጋር የማስርበት ጨርቅ ግን አልነበረም። የእሱ ሽርጥ ካቴናው ውስጥ ተበጣጥሷል፤ የኦኬሎን ከላዩ ላይ ልገፍ አልቻልኩም። የራሴን አወለቅሁ። ከቱት ፊት ተቀምጬ፣ በእጄ እየዳበስኩ፣ ሁለታችንን አሰርኩ። ጮኸ። ይጩህ አልኩ። ጫፉን ወተፍኩ፤ ግራዬን ሦስት ጊዜ አየሁ። የሚያይልኝ ሰው አልነበረም።

አቦቦ የገባሁት አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። የገበያ ቀን ነበር። ከወገቤ በታች ከውስጥ ሱሪ ሌላ የለኝም፣ በሁለት ክላሽና በደም ተሸፍኛለሁ፣ ከጀርባዬ ሰው ታስሯል። በሕዝቡ መሃል ነዳሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ከፍ አድርገው እየጮኹ ከፊቴ ሮጡና መንገድ አስከፈቱልኝ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሁለት ነርሶች ቱትን ከጀርባዬ ፈቱት። አንደኛዋ እኔን አየችና አንሶላ ሰጠችኝ።

«ታጠቀው ወንድሜ፣ በርዶሃል» አለችኝ።

አልበረደኝም። አንሶላውን ወገቤ ላይ ላዞር ስል እጄ እምቢ አለ። «ሱሪ ካለ ሱሪ ስጡኝ» አልኳት። የጥበቃውን ትርፍ ሱሪ አምጥተው አለበሱኝ። ቱት ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ሞተሬን አስነሳሁና ኦኬሎን ላመጣ ተመለስኩ። ቅጠል አልብሼ ብቻውን መተዌ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኝ ነበር።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ ሪፖርቱን ሊጽፍ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ «ንጹህ» ማለቴንም ጭምር። 

«በውጊያ ላይ ወደቀ ብዬ ነው የምጽፈው» አለኝ። «ጀግናን ሽርጥ ገደለው ብዬ አልጽፍም።»

«የሆነው ይጻፍ ሃምሳ አለቃ። ካልተጻፈ ነገም ሌላው በሽርጥ ይነዳል።»

«ለእናቱስ ምን ትላለህ?»

«እሱንም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

 በመጨረሻ «የቆሰለ ጓዱን ሲያወጣ በሞተር አደጋ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ ምክንያቱን በሁለት መስመር አሰፈረው። ከዚያ ተነሳና ጆንያውን ራሱ ከእግረኛው ጋ ተሸክሞ አመጣ። የቀሩትን አራት ሞተሮች መሸፈኛና ፓራፋንጎ አጥበን መልሰን ገጠምን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመቶ ሜትሩ ወርደን ጭቃውን ጫርን፤ ሱሪያችንን ለብሰን፣ ብሽሽታችን እየተላጠ። ማንም አላማረረም።

የኦኬሎ እናት ቤት ከአልዌሮ ግድብ ማዶ ነው። የሄድኩት ከሃያ ቀን በኋላ ነው። እህቱ አሪያት ልታስተረጉምልኝ ከጎኔ ተቀመጠች። ተኩሱን ነገርኳቸው፣ ጉዞውን ነገርኳቸው። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጫፉን አይቼ ንጹህ ነው አልኩት» ስል አሪያት አላስተረጎመችም። እናትየዋ ግን አማርኛ ይሰሙ ኖሯል።

ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡና አንድ ጨርቅ ይዘው ወጡ። አሪያትን ጀርባዋን አሰጥተው አስቀመጧት፣ ጨርቁን እጄ ላይ አደረጉ።

«አሳየኝ» አሉኝ።

«እናቴ፣ ይቅርብኝ።»

«አሳየኝ። እንዴት አሰርክ?»

አሪያት ላይ አዞርኩት። እንደዚያን ቀኑ አላልቼ በግራ በኩል ቋጠርኩት፣ ጫፉም ተንጠለጠለ።  እናትየዋ ጎንበስ ብለው አዩት። ስንት ልጅ በጨርቅ ያዘሉ ሴት ናቸው፤ ማየት ያለባቸውን ወዲያው አዩ። ጫፉን ያዙ፣ በቋጠሮው ሥር አሳልፈው ወደ ላይ ወተፉት። አንድ ጊዜ እጃቸውን ያዞሩ ያህል ነው። ቋጠሮው አልጠበቀም፤ አሪያትም ምንም አልተሰማትም።

«እንዲህ ቢሆን ልጄ ዛሬ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ እናቴ።»

ጮኸው ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ እንባቸው ብቻ ወረደ። በጨርቁ ጠረጉትና መልሰው ሰጡኝ። «ቁስለኛውስ? ያ የኑዌር ልጅ?»

«ድኗል።»

«እሺ። አሁን አንተ ፍታ፣ እንደ እኔ እሰር።» አሰርኩ። «ድገም» አሉኝ። ስንት ጊዜ እንዳስደገሙኝ አላስታውስም። ስነሳ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። በር ላይ ይዘውኝ «ሌላው ልጅ እንዳይሞት» አሉ። አቅፈውኝም ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ። ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወደ ሥራዬ የምሄደው በሞተር ነው። መንገድ ላይ ሽርጥ አገልድሞ የሚነዳ ጎልማሳ ሳይ፣ ነጠላዋን ወይም የቀሚሷን ጫፍ ወደ ጎማው የለቀቀች ተሳፋሪ ሳይ፣ ከፊት ቀድሜ አቆማለሁ። «ምን አገባህ?» ይሉኛል። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዱማ የእብድ ትራፊክ ብሎ ስም አውጥቶልኛል፤ ገበያ አካባቢ በዚህ ስም ነው የምታወቀው። ይበሉኝ። ጫፉን ሳልወትፍ፣ መሸፈኛው መኖሩን ሳላይ አልለቃቸውም። ሥራ አርፍጄ አለቆቼ ተቆጥተውኛል፤ አሁንም አረፍዳለሁ።

ጀግንነት ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ በሚገባ አላውቅም። በዚያ ክረምት ጥይት ሲመጣ አልሸሸሁም፤ ማንኛችንም አልሸሸንም። ያቃተኝ አንድ ቃል ነው፤ «ቆይ» ማለት። የጮኸውን ሰው ማስጮህ፣ የሚቸኩለውን ማስቆም፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ከተኩሱ የበለጠ ከብዶኝ ነበር።

ዘመቻው ሲያልቅ ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ አሰለፈንና የጎደሉብንን ስም ጠራ። አስናቀ፣ በዛብህ፣ ኦኬሎ። ሦስት ሰው። ሁለቱን የገደለ ጠላት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሣር ውስጥ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም። የሦስተኛውን ገዳይ ግን አውቀዋለሁ። ሃምሳ አለቃ የኦኬሎን ስም ሲጠራ፣ ከሰልፉ ውስጥ «አቤት» ብዬ የመለስኩት እኔ ነበርኩ።